«ጋራንቲ አለው» ሲባል የሚከፍለው ማን ነው?

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ገብቶ ስልክ ወይም ቴሌቪዥን የጠየቀ ሰው «አብሽር፣ ጋራንቲ አለው!» ሳይባል አይወጣም። ባንክ ሄዶ ብድር የጠየቀ ነጋዴ ደግሞ «ጋራንቲህ ምንድን ነው?» ይባላል። ሹፌር ወይም ገንዘብ ያዥ ሆኖ ሊቀጠር የሄደ ወጣት «ጋራንቲ የሚሆንህን ሰው ይዘህ ና» ይባላል። ቅድሚያ ክፍያ መቀበል የፈለገ ተቋራጭም «ባንክ ጋራንቲ» አስገባ ይባላል። በአራቱም ቦታ የሚነገረው ቃል አንድ ነው። ከጀርባው ያለው ውል ግን አራት ዓይነት ነው፤ የሚከፍለው ሰው፣ የሚከፈለው መጠንና ክፍያው የሚጠየቅበት መንገድ ሁሉ ይለያያል። ብዙ ሰው ቤቱን፣ ደመወዙን ወይም ወዳጁን የሚያጣው አንዱን ጋራንቲ ሌላው ነው ብሎ ሲፈርም ነው።

ከቃሉ እንጀምር። ጋራንቲና ዋራንቲ በእንግሊዝኛ ሁለት ቃላት ቢሆኑም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። መነሻቸው የጥንት ፍራንኮች ቋንቋ ሲሆን ወደ እንግሊዝኛ የገቡት በፈረንሳይኛ በኩል ነው። በሰሜን ፈረንሳይ፣ በኖርማንዲ አካባቢ፣ ቃሉ በ«ው» ይጀምር ነበር፤ በፓሪስ አካባቢ ግን «ው» ወደ «ግ» ተለወጠ። እንግሊዝኛ ሁለቱንም በተለያየ ጊዜ ተቀበለ። ዊልያም የሚለው ስም በፈረንሳይኛ ጊዮም የሚሆነው፣ እንግሊዝኛም ዋርድና ጋርድ የሚሉ ሁለት ቃላት ያሉት በዚሁ ምክንያት ነው። ከጊዜ በኋላ ሕጉ ለሁለቱ ቃላት ሥራ አከፋፈለ። ዋራንቲ ስለ ዕቃ ወይም ስለ አንድ ነገር እውነትነት የሚሰጥ ቃል ሆነ፤ ጋራንቲ ደግሞ ስለ ሌላ ሰው ዕዳ የሚገባ ግዴታ። በእንግሊዝ አገር የውል ሕግ ዋራንቲ ሌላም ጠባብ ትርጉም አለው፦ ሲጣስ ካሳ ብቻ የሚያስጠይቅ፣ ውሉን ግን የማያፈርስ የውል ቃል ማለት ነው።

እኛ ጋ ሁለቱም «ጋራንቲ» በሚለው ተጠቃለሉ። የዛሬው አጠራር ከእንግሊዝኛው ጋርም ከፈረንሳይኛው ጋርም ይገጥማል። ድሬዳዋ ከ1895 ዓ.ም. ጀምሮ ከምድር ባቡሩ ጋር ያደገች፣ አዛውንቶቿ ባቡሩን ዛሬም «ሽማንደፈር» የሚሉ ከተማ በመሆኗ ፈረንሳይኛው ለጆሮዋ እንግዳ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ ረቂቁን በፈረንሳይኛ ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። የአማርኛው ሕግ ግን «ጋራንቲ» አይልም። ለሰው «ዋስ»፣ ለንብረት «መያዣ» ይላል። መንገድ ላይ የተምታታውን ለመለየት እነዚህ ሁለት ቃላት እጅግ ይጠቅማሉ።

አማርኛውም የራሱ ወጥመድ አለው። «ዋስትና» የሚለው ቃል በጣም ሰፊ ነው፤ የምግብ ዋስትና፣ ማኅበራዊ ዋስትና፣ የተከሳሽ ዋስትና፣ የብድር ዋስትና እንላለን። በእንግሊዝኛ እያንዳንዳቸው የተለያየ ቃል አላቸው። ተከሳሽ ከእስር ወጥቶ እንዲከራከር የሚጠራው ዋስ እንግሊዝኛው «ቤይል» የሚለው ነው። መነሻው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 6 የታወቀው በዋስ የመፈታት መብት ሲሆን፣ ዋሱ የሚጠየቀው ተከሳሹ ሲቀር እንጂ ሳይከፍል ሲቀር አይደለም። እንግሊዝኛ ውል ሲያስተረጉሙ «ዋስትና» የሚል ቃል በተጻፈበት ሁሉ በእንግሊዝኛው የቆመው የትኛው ቃል እንደሆነ ተርጓሚውን ይጠይቁ። ጋራንቲ ነው? ሴኩሪቲ (መያዣ) ነው? ዋራንቲ ነው? መልሱ ኃላፊነትዎን ይለውጠዋል።

የዕቃ ጋራንቲ

ይህኛው ቀላሉ ነው። ሻጩ ወይም አምራቹ «ዕቃው እስከዚህ ጊዜ ይሠራል፤ ካልሠራ እጠግናለሁ ወይም እለውጣለሁ» ይላል። ጥያቄው ቃሉን የሰጠው ማን ነው የሚለው ነው። ካርዱ ላይ የአምራቹ ስም ብቻ ካለና አምራቹ በኢትዮጵያ ወኪል ከሌለው ካርዱን ይዘው የሚሄዱበት ቦታ የለም። ሻጩ በቃል «አንድ ዓመት» ካለና ካርዱ ላይ ማኅተሙ ካላረፈ፣ አንድ ዓመት ማለቱን የሚያስረዱት በምስክር ብቻ ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ሳይሰጡ በፊት ደረሰኝ ይጠይቁ፤ ከሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን የወጣ፣ የሱቁን ስም የያዘ ይሁን። ካርዱ ላይ የዕቃው መለያ ቁጥር፣ የተሸጠበት ቀንና የሱቁ ማኅተም መኖሩን ይመልከቱ። የስልክ መለያ ቁጥር *#06# ሲደውሉ የሚመጣው ባለ 15 አሃዝ ቁጥር ነው፤ ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር መግጠም አለበት። ካልገጠመ ካርዱ የሌላ ስልክ ካርድ ነው፤ ጠጋኙም በዚሁ ምክንያት ይመልስዎታል። ደረሰኝ የማይሰጥ ሻጭ የሚሰጠው ጋራንቲ ሻጩ እዚያው ሱቅ እስካለና ፈቃዱ እስከሆነ ድረስ ብቻ የሚቆይ ነው።

ካርዱ ጀርባ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍም ማንበብ ያስፈልጋል። ውሃ የገባበት፣ የወደቀ፣ ሌላ ባለሙያ የከፈተው ዕቃ ብዙ ጊዜ ከጋራንቲ ውጪ ነው። ማቀዝቀዣና ቴሌቪዥን ላይ ደግሞ በኤሌክትሪክ ኃይል መለዋወጥ የደረሰ ጉዳት ይገለላል። መብራት ሄዶ ሲመለስ በሚመጣው ከፍተኛ ኃይል የተቃጠለ ማቀዝቀዣ ይዘው ሲሄዱ «ስታቢላይዘር ነበረው ወይ?» የሚባሉት ለዚህ ነው። በድሬ ሙቀት ማቀዝቀዣ ያለ ዕረፍት ስለሚሠራ ስታቢላይዘሩን አብሮ መግዛትና ደረሰኙን አብሮ ማስቀመጥ ብልህነት ነው።

ጋራንቲ ካርድ ባይኖርም ገዢ ባዶ እጁን አይደለም፤ ይህን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ የተገዛው ዕቃ ጉድለት ከተገኘበት ሸማቹ ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ገዢው ዕቃውን እንደተረከበ በተቻለው ፍጥነት እንዲመረምር፣ ጉድለት ካገኘም ሳይዘገይ ጉድለቱ ምን እንደሆነ ለይቶ ለሻጩ እንዲያሳውቅ ያዛል፤ አንቀጽ 2291 እና 2292 ናቸው። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ዕቃውን ካርቶኑ ውስጥ ለወራት ያስቀምጥና ለሠርግ ወይም ለዒድ ሲከፍተው አይሠራም። ያን ጊዜ ሻጩ «ከእኔ ዘንድ ሲወጣ ደህና ነበር» ሲለው መልስ ያጣል። ሱቅ ውስጥ አስከፍቶ መሞከር፣ ጉድለት ሲታይም በዚያኑ ቀን ሄዶ መንገር፣ በስልክ መልእክትም ቢሆን በጽሑፍ ማስቀረት ይገባል። ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተብሎ መለጠፉ ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ ደብቆ ከሆነ አያድነውም።

የሰው ጋራንቲ፦ ዋስና ተያዥ

ዋናው ጉዳይ ይህ ነው፤ ሰው ብዙ የሚጎዳውም እዚህ ነው።

በእንግሊዝ ሕግ ጋራንቲ እንዲኖር ሦስት ሰው ያስፈልጋል፦ አበዳሪ፣ ተበዳሪና ዋስ። የተበዳሪው ዕዳ ዋናው ነው፤ የዋሱ ዕዳ ተከታይ ነው፤ ዋናው ሲጠፋ ተከታዩም ይጠፋል። እንግሊዞች በ1677 እ.ኤ.አ. ባወጡት የማጭበርበር መከላከያ ሕግ ለሌላ ሰው ዕዳ የሚገባ ግዴታ በጽሑፍ ካልሆነና ካልተፈረመበት በፍርድ ቤት አይፈጸምም አሉ፤ ድንጋጌው ዛሬም በእንግሊዝ ይሠራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ «እሱ ባይከፍል እኔ አለሁ» የሚል ቃል በሞቅታ የሚወጣ ቃል ነው። መጽሐፈ ምሳሌም በምዕራፍ 6 ለባልንጀራው ዋስ የሆነ ሰው በአፉ ቃል እንደተጠመደ ይናገራል። ሙስሊም ነጋዴዎቻችን ደግሞ «ዋስ ከፋይ ነው» የሚለውን ሐዲስ ያውቁታል።

የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም እንዲሁ ጥብቅ ነው። የዋስትና ውል በጽሑፍ መሆን አለበት (አንቀጽ 1725)፤ ተዋዋዮቹ መፈረም፣ ሁለት ምስክሮችም ማረጋገጥ አለባቸው (አንቀጽ 1727)። ከሁሉ የሚበልጠው አንቀጽ 1922 ነው። ዋስትና በግምት አይታሰብም፤ በግልጽ መሰጠት አለበት፤ ከተሰጠበት ወሰንም አልፎ አይለጠጥም። ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ካልተጻፈ ደግሞ ውሉ አይጸናም። ድሬዳዋም ሆነ ሐረር ውስጥ ለሠራተኛ ተያዥ የሚሆኑ ሰዎች የሚፈርሙበት ቅጽ አንዳንዴ «ሠራተኛው ለሚያጠፋው ንብረትና ገንዘብ ሁሉ ኃላፊ ነኝ» ብቻ ይላል። ቁጥር የለውም። እንዲህ ያለው ወረቀት ላይ የተመሠረተ ክስ ሲመጣ ዋሱ በመጀመሪያ መልሱ ይህን አንቀጽ ማንሳት አለበት።

ቁጥር ያለበትን ሲፈርሙ ደግሞ ቁጥሩን እንደ ራስዎ ዕዳ ይዩት። «እስከ 200,000 ብር» የሚል ከሆነ ነገ 200,000 ብር ቢጠየቁ ከየት እንደሚያመጡ አስቀድመው ያስቡ። «ለፎርማሊቲ ነው፣ ለስሙ ነው» የሚለው ቃል ወረቀቱ ላይ አይጻፍም። ፍርድ ቤት የሚያነበው ወረቀቱን ነው።

ሁለተኛው አደጋ «ባንድነትና በነጠላ» የሚለው ሐረግ ነው፤ በእንግሊዝኛ ውሎች ላይ «ጆይንትሊ ኤንድ ሴቨራሊ» ተብሎ ይመጣል። ተራ ዋስ ከሆኑ አበዳሪው አስቀድሞ በተበዳሪው ንብረት ላይ እንዲሄድ መጠየቅ ይችላሉ፤ ይህ በአንቀጽ 1934 የተሰጠ መብት ነው። መብቱ ግን ራሱ አይሠራም። ክስ እንደቀረበብዎ ወዲያው ማንሳት፣ የተበዳሪውንም ንብረት ማመልከት ይኖርብዎታል፤ ዘግይተው ቢያነሱት ያልፍዎታል። «ከተበዳሪው ጋር ባንድነት» ተብሎ ከፈረሙ ግን አንቀጽ 1933 አበዳሪው ተበዳሪውን ሳይጠይቅ፣ መያዣውንም ሳይሸጥ በቀጥታ እርስዎን እንዲከስ ይፈቅድለታል። ተበዳሪው ሳቢያን ቪላ ቤት ቢኖረውና እርስዎ የወር ደመወዝተኛ ቢሆኑ እንኳ ባንኩ የሚቀለውን መምረጥ ይችላል። ደመወዝ ደግሞ ከቤት ይልቅ ለመያዝ ይቀላል። አብዛኛው የባንክና የብድር ተቋም ቅጽ ይህን ሐረግ ይዞ ነው የሚታተመው። ሦስት ሰዎች አብረው ዋስ ሲሆኑም «ሲሶ ሲሶ ነው የምንከፍለው» ብለው ያስባሉ፤ ሐረጉ ካለ እያንዳንዳቸው ለሙሉው ይጠየቃሉ፣ ከዚያ እርስ በርስ ይካሰሳሉ።

ከጂቡቲ፣ ከዱባይ ወይም ከቻይና አቅራቢ ጋር በእንግሊዝኛ ውል የሚፈራረሙ አስመጪዎች አንድ ሌላ ቃል ይጠንቀቁ፦ «ኢንደምኒቲ»። ብዙ ጊዜ «ጋራንቲ ኤንድ ኢንደምኒቲ» ተብሎ ተጣምሮ ይጻፋል። ጋራንቲ ተከታይ ዕዳ ነው ብለናል፤ ኢንደምኒቲ ግን በራሱ የቆመ ዕዳ ነው። ዋናው ውል በአንድ ምክንያት ቢፈርስ በጋራንቲ ብቻ የገባ ሰው ነፃ ሊወጣ ይችላል፤ ኢንደምኒቲ የጨመረ ሰው ግን ለደረሰው ኪሳራ ይከፍላል። ሁለቱ አብረው የሚጻፉት በአንዱ ያመለጠውን በሌላው ለመያዝ ነው።

የትዳር ጓደኛም አለ። በድሬዳዋ የሚሠራው በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213 ነው፤ ሐረሪ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው ሐረር ያሉ ባልና ሚስት የክልላቸውን ሕግ ማየት አለባቸው። የአዋጁ አንቀጽ 68 ከ500 ብር በላይ ለሆነ የሌላ ሰው ዕዳ ዋስ ለመሆን የሁለቱ ተጋቢዎች ስምምነት እንደሚያስፈልግ ይደነግጋል። ዛሬ 500 ብር ለአንድ ሳምንት አስቤዛ የማይበቃ ገንዘብ ስለሆነ፣ ይህ ማለት የማንኛውም ዋስትና ጉዳይ ባልና ሚስት ቁጭ ብለው የሚነጋገሩበት ነው ማለት ነው። ሳይስማማ የቀረው ተጋቢ በአንቀጽ 69 መሠረት ግዴታው እንዲፈርስ ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል። ይህንንም ባወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ በማንኛውም ሁኔታ ግን ግዴታው ከተገባ በ2 ዓመት ውስጥ ማድረግ አለበት። ባንኮች የሚስት ወይም የባል ፊርማ የሚጠይቁት ይህን ስለሚያውቁ ነው። የግል አበዳሪ ግን አይጠይቅም፤ ሚስት የምትሰማው የፍርድ ቤት መጥሪያ ቤት ሲደርስ ነው።

የጊዜ ጉዳይም አለ። ተያዥ የሆኑለት ልጅ ሥራ ገብቶ፣ ዕድገት አግኝቶ፣ ከሱቅ ሽያጭ ወደ ዋና ገንዘብ ያዥነት ተዛውሮ ሊሆን ይችላል። እርስዎ ግን የፈረሙት ለሱቅ ሽያጭነቱ ነው። ወረቀቱ ሥራውን ለይቶ ከጠቀሰ ዋስትናው ከዚያ አያልፍም፤ «በማንኛውም የሥራ መደብ» የሚል ከሆነ ግን አብሮት ይጓዛል። ወደፊት ለሚመጣ ዕዳ የተሰጠና ጊዜ ያልተወሰነለት ዋስትና ከሆነ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1925 ዕዳው ለመከፈል ሳይደርስ ዋሱ ግዴታውን እንዲያነሳ ይፈቅድለታል። ለቀጣሪው በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ደብዳቤው መድረሱን በፊርማና በቀን ያስረግጡ፤ ግልባጩን ያስቀምጡ። ልጁን ጠርቶ «ከዛሬ ጀምሮ ዋስህ አይደለሁም» ማለት ብቻውን ቀጣሪውን አያስረውም።

ዋስ ሆነው ከከፈሉ ገንዘቡ ጠፍቶ አይቀርም። የከፈለ ዋስ በአበዳሪው ቦታ ተተክቶ ተበዳሪውን መክሰስ፣ አበዳሪው የያዘው መያዣ ካለም በእሱ መጠቀም ይችላል። ከመክፈልዎ በፊት ግን ለተበዳሪው በጽሑፍ ያሳውቁ። እሱ ቀድሞ ከፍሎ ወይም ዕዳውን የሚያስቀር ክርክር ኖሮት ሳለ ሳይነግሩት ቢከፍሉ፣ መልሰው ሲጠይቁት «መቼ ነገርከኝ?» ይላል፤ ያ ክርክር ደግሞ ያስኬደዋል። ሲከፍሉም «የእገሌን ዕዳ በዋስነት የከፈልኩ» የሚል ደረሰኝ ይቀበሉ።

የንብረት ጋራንቲ፦ መያዣ፣ ሊብሬና ቼክ

ቤት በመያዣነት ሲሰጥ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ የዕዳውን መጠን በብር መግለጽ አለበት፤ ቤቱ በሚገኝበት ቦታ ባለው መዝገብም ይመዘገባል። ምዝገባው ለ10 ዓመት ይጸናል (የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 3058)። ባንኮች በ1990 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 97 መሠረት ዕዳው ሳይከፈል ሲቀር የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ያለ ፍርድ ቤት ክስ መያዣውን በሐራጅ መሸጥ ይችላሉ። የሌላ ሰው ብድር ላይ የራሳቸውን ቤት በመያዣነት የሚሰጡ ወላጆችና ወንድሞች «እኔ ዋስ ነኝ እንጂ ባለዕዳ አይደለሁም» ሲሉ ይሰማል፤ ካርታው ባንክ ከገባ ግን ሐራጁ የሚያወጣው የእነሱን ቤት ነው። ሠላሳ ቀን ገዢ ለመፈለግም ሆነ ገንዘብ ለማሰባሰብ አጭር ነው። ማስጠንቀቂያው እንደደረሰ በመጀመሪያው ቀን ባንኩ ድረስ ሄዶ ስለ ብድሩ መራዘም መነጋገር ይሻላል።

በግለሰቦች መካከል የሚጻፈው «ገንዘቡን በጊዜው ካልመለስኩ ቤቱ የአበዳሪዬ ይሁን» የሚል ውል ግን ዕዳው ሳይደርስ የተጻፈ ከሆነ በሕግ ዋጋ የለውም (አንቀጽ 3060)። ብዙ ሰው ሳያውቀው በዚህ ዓይነት ወረቀት ቤቱን ለቆ ወጥቷል።

መኪና ሲሆን ሰው ሊብሬ (የመኪናውን የባለቤትነት ደብተር) ይይዛል። አበዳሪው ሊብሬውን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ መኪናው የተያዘለት ይመስለዋል። በትራንስፖርት ቢሮው ፋይል ላይ ዕገዳ ካልተመዘገበ ግን ባለቤቱ ሊብሬ ጠፋብኝ ብሎ ምትክ ማውጣት፣ መኪናውንም መሸጥ ይችላል። አበዳሪው በእጁ የቀረው ወረቀት ነው።

ከሁሉ የከፋው በነጋዴ መካከል የሚሄደው «ለጋራንቲ» የሚሰጥ ቼክ ነው። ዕቃ በዱቤ የወሰደ ሰው ቼክ ፈርሞ ይሰጣል፤ «ገንዘቡን ስሰጥህ ትመልስልኛለህ» ብለው ይስማማሉ። ቼክ ግን በሕጉ ባንክ በቀረበ ጊዜ የሚከፈል ሰነድ ነው፤ «ለጋራንቲ» የሚባል የቼክ ዓይነት የለም። ያዡ በማግስቱ ባንክ ቢወስደውና ሂሳቡ ውስጥ በቂ ገንዘብ ባይኖር ነገሩ ከዕዳ ወደ ወንጀል ይሻገራል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 በቂ ስንቅ ሳይኖር ቼክ ማውጣትን ያስቀጣል። መጠኑን ባዶ ትቶ መፈረም ደግሞ የራስን ጉድጓድ መቆፈር ነው። ለዱቤ ዋስትና ካስፈለገ ግልጽ የዱቤ ውል፣ የክፍያ ቀን፣ ከፍተኛ መጠኑ የተጻፈ ዋስ ይበቃል። ቼክ ሰጥተው ከሆነም ዕዳውን በከፈሉ ቅጽበት ቼኩን እዚያው ይቀበሉ። «ቢሮ ረስቼዋለሁ፣ ነገ» ከተባለ የቼኩን ቁጥር የጠቀሰ የመልቀቂያ ወረቀት አስፈርመው ይሂዱ።

የባንክ ጋራንቲ

ተቋራጮችና አቅራቢዎች በደንብ ስለሚያውቁት እዚህ ላይ አንቆይም። በመንግሥት ግዢ የተለመዱት ሦስት ናቸው፦ ለጨረታ ማስከበሪያ፣ ለውል ማስከበሪያ (ብዙውን ጊዜ የውሉ ዋጋ 10 በመቶ) እና ቅድሚያ ለተከፈለ ገንዘብ የሚሰጠው፣ መጠኑ ከቅድሚያ ክፍያው ጋር እኩል የሆነው። መታየት ያለበት ጋራንቲው በቅድመ ሁኔታ የሚከፈል ነው ወይስ ያለ ቅድመ ሁኔታ የሚለው ነው። ያለ ቅድመ ሁኔታ የሆነው ተጠቃሚው በጽሑፍ እንደጠየቀ ባንኩ ይከፍላል፤ ጥፋቱ የማን ነው የሚለው ክርክር በኋላ ነው። ባንኩ የከፈለውን ደግሞ ከተቋራጩ መያዣ ላይ ይወስዳል። ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለው ቁጥር 758 ደንብ በወረቀቱ ላይ ከተጠቀሰ፣ ባንኩ ጥያቄውን ለመመርመር ያለው ጊዜ 5 የሥራ ቀን ነው።

በተግባር የሚበላሸው ትንንሹ ነገር ነው። የድርጅቱ ስም ከንግድ ፈቃዱ ጋር በአንድ ፊደል ሳይገጥም ይቀራል፤ ብሩ በአሃዝና በፊደል ይለያያል፤ የሚያበቃበት ቀን ጨረታው ከሚጸናበት ጊዜ ያንሳል። ጨረታ ከመክፈቻው ጠረጴዛ ላይ የሚወድቀው በእነዚህ ነው። ተቀባይ ከሆኑ ወረቀቱን ላመጣው ሰው ሳይሆን ለባንኩ ራሱ ደብዳቤ ጽፈው እውነተኛ መሆኑን ያረጋግጡ። የሚያበቃበትን ቀን ቀን መቁጠሪያ ላይ ከአንድ ወር በፊት ያስምሩበት፤ ሥራው ተራዝሞ ጋራንቲው ካልተራዘመ በማግስቱ እጅዎ ላይ ያለው ተራ ወረቀት ነው።

ሰጪ ከሆኑ ደግሞ ሥራው ሲያልቅ ዋናውን ወረቀት አስመልሰው ለባንክዎ ያስረክቡ። ብዙ ባንክ ዋናው እስኪመለስ ወይም ተጠቃሚው የመልቀቂያ ደብዳቤ እስኪጽፍ ድረስ የተያዘውን ገንዘብ አይለቅም፤ ኮሚሽኑም መቆጠሩን ይቀጥላል። ለሰው ዋስ የሆኑም እንዲሁ ያድርጉ፦ ብድሩ ያለቀ ቀን ከተበዳሪው ጋር አብረው ይሂዱና ዕዳው መዘጋቱንና ዋስትናው መነሳቱን የሚገልጽ፣ ስምዎና የውሉ ቁጥር ያለበት ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይቀበሉ። ተበዳሪው በዚያው ውል ላይ ሁለተኛ ብድር ቢጠይቅ፣ ስምዎ ከፋይሉ መውጣቱን የሚያሳየው ይህ ደብዳቤ ነው።